ምዕራፍ 6፦ የሃያ ዶላሩ ጠርሙስ ወዴት ይሄዳል?

ወይን በሚወድ ሰው ቤት ጠርሙስ የሚጠራቀመው ቀስ በቀስ ነው። መደብሩ ሙሉ ካርቶን ለሚገዛ ደንበኛ ቅናሽ ስለሚያደርግ፣ ሦስት ጠርሙስ ሊገዛ የገባ ሰው 12 ተሸክሞ ይወጣል። ለበዓል የመጣ እንግዳ ሁለት ይጨምርለታል። አባል ከሆነበት የወይን እርሻ በየጊዜው የሚላክለትም አለ። አምስት ስድስት ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ የቤዝመንቱ መደርደሪያ ሞልቶ ይገኛል። ቢቆጠር 150 ጠርሙስ ቢሆን፣ አብዛኛው ከ12 እስከ 25 ዶላር የተገዛ ነው። በሳምንት አንድ ቢከፈት ለመጨረስ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከመካከሉ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ የማይጠብቅ ብዙ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚመጣው ሐሳብ ተፈጥሯዊ ነው፤ ትርፉን ሸጦ በገንዘቡ ሌላ መግዛት። መኪናም ስልክም መጽሐፍም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይሸጣል፤ ጠርሙሱ ደግሞ ጭራሽ አልተከፈተም። ታዲያ ምን ይከለክላል?

የሚከለክሉት አራት ነገሮች ናቸው፦ ሕጉ፣ የመንገዱ ወጪ፣ የገዢው ጥርጣሬ እና የባለቤቱ የራሱ ልብ። በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚከፈልባቸው የቦርዶና የቡርጎኝ ጠርሙሶች ብዙ ተጽፏል። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው በየቤቱ ስላለው፣ ከ10 እስከ 30 ዶላር ስለሚያወጣው ጠርሙስ ነው። ይህ ጠርሙስ ተሸጦ ገንዘብ አይሆንም። በጊዜው ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍ ግን ዋጋው መንገድ ላይ ሳይቀር ለሚጠጣው ሰው ይደርሳል። አራቱን እንቅፋቶች አንድ በአንድ ማየቱ ለምን እንዲህ እንደሆነ ያስረዳል። (በምዕራፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ኋላ የማይመለስ መንገድ

አሜሪካ የአልኮል ክልከላዋን ያነሳችው ዲሴምበር 5 ቀን 1933 ነው። ክልከላውን የሻረው 21ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የአልኮልን ንግድ የመቆጣጠር ሰፊ ሥልጣን ለየግዛቶቹ ሰጠ። አብዛኞቹ ግዛቶችም ንግዱን በሦስት ደረጃ ከፈሉት። አምራቹ ለአከፋፋዩ ይሸጣል፣ አከፋፋዩ ለቸርቻሪው፣ ቸርቻሪው ለጠጪው። ከክልከላው በፊት ጠማቂዎች መጠጥ ቤቶቹን ራሳቸው ይዘው ሽያጩን ያጧጡፉ ነበር፤ ደረጃዎቹን መለየት ያስፈለገው ያ እንዳይመለስና ግብሩም በየደረጃው በወጉ እንዲሰበሰብ ነው።

በዚህ አሠራር ጠጪው የመጨረሻው ጣቢያ ነው። ወይኑ ወደ እሱ ይወርዳል እንጂ ከእሱ ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ በአብዛኞቹ ግዛቶች ፈቃድ የሌለው ሰው አንድ ጠርሙስ እንኳ ለጎረቤቱ መሸጥ አይችልም፤ ደረሰኝ ይዞ ቢገኝ፣ ግብሩም አስቀድሞ የተከፈለበት ቢሆን ለውጥ የለውም። የፌስቡክ የገበያ ገጽም ሆነ ክሬግስሊስት የአልኮል ማስታወቂያ አይቀበሉም። ልላከው ቢልም መንገዱ ዝግ ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት አልኮል አያጓጉዝም፤ ዩፒኤስና ፌዴክስ የሚቀበሉት ፈቃድ ካላቸውና ውል ከፈረሙ ላኪዎች ብቻ ነው።

ሕጉ አንድ ጠባብ በር ትቷል፤ እሱም ፈቃድ ያለው አጫራች ነው። ዘመናዊው የወይን ጨረታ መልክ የያዘው በ1966 የለንደኑ ጨረታ ቤት ክሪስቲስ የወይን ክፍሉን አቋቁሞ ማይክል ብሮድቤንትን ኃላፊ ካደረገ በኋላ ነው። የገንዘብ መዲና የምትባለው ኒውዮርክ እንኳ የወይን ጨረታን የፈቀደችው በ1990ዎቹ ነው። በ1996 ዋይንቢድ ጨረታውን ወደ ኢንተርኔት አመጣውና ተራው ሰው በአዳራሽ ሳይቀመጥ መጫረት ቻለ። በሩ ግን ያው የአጫራቹ በር ነው። ባለቤቱ ጠርሙሱን ያስረክባል፣ አጫራቹ ይሸጣል፣ ድርሻውንም ያነሳል።

ብሪታንያ ውስጥ ነገሩ ለየት ያለ መልክ አለው። ከ1698 ጀምሮ በለንደን የሚነግደው ቤሪ ብሮስ ኤንድ ራድ በ2010 ቢቢኤክስ የተባለ መገበያያ ከፈተ። ደንበኞቹ በድርጅቱ መጋዘን ያስቀመጡትን ወይን እዚያው እርስ በርስ ይሸጣሉ። ካርቶኑ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚቀየረው በመዝገቡ ላይ ያለው የባለቤት ስም ነው። አሠራሩ ብልህ ነው፤ ማጓጓዝንም ጥርጣሬንም ያስቀራል። ነገር ግን የሚገበያየው መጋዘን ያደረ፣ ተደራጅቶ የተመዘገበ ወይን ነው። ከወጥ ቤት መደርደሪያ የመጣ ነጠላ ጠርሙስ እዚያ ቦታ የለውም።

ሃያ ዶላሩን ማን ይበላዋል?

ሕጉ በሩን ከፈተ እንበልና ሂሳቡን እንሥራው። መደብር ውስጥ 20 ዶላር የሚሸጥ አንድ ጠርሙስ ለጨረታ ቀረበ። ገዢው ያንኑ ወይን ከሰፈሩ መደብር በ20 ዶላር ማግኘት ስለሚችል ከዚያ በላይ አይከፍልም። ይህ 20 ዶላር ደግሞ እቤቱ እስኪደርስ ያለው ጠቅላላ ወጪ ነው።

ለስሌቱ ያህል ማጓጓዣው በጠርሙስ 4 ዶላር ይሁን። እሱ ሲነሳ 16 ዶላር ይቀራል። ጨረታ ቤቶች በአሸናፊው ዋጋ ላይ ገዢውን የሚያስከፍሉት ኮሚሽን አለ፤ 20 በመቶ ብንል ገዢው ሊጠራ የሚችለው ትልቁ ዋጋ 13 ዶላር ከ33 ሳንቲም ነው። ከዚህ ላይ ደግሞ የሻጩ ኮሚሽን ይነሳል፤ 15 በመቶ ቢሆን 2 ዶላር ነው፣ 11 ከ33 ይተርፋል። ባለቤቱ ጠርሙሱን ወደ ጨረታ ቤቱ ሲያደርስ ሌላ 4 ዶላር ቢያወጣ በመጨረሻ እጁ ላይ የሚቀረው 7 ዶላር ከ33 ሳንቲም ነው። 20 ዶላር የከፈለበት ጠርሙስ ከመቶ 37 እጁን ብቻ ይዞለት ተመለሰ።

ስሌቱን በ200 ዶላር ጠርሙስ ብንደግመው መልሱ ይለወጣል። ማጓጓዣው ያው 4 ዶላር ነው፤ ወይኑ ስለተወደደ ጠርሙሱ አይከብድም። በዚሁ መንገድ ሲሰላ ለባለቤቱ 134 ዶላር ከ83 ሳንቲም ይደርሰዋል፤ ከመቶ 67 እጁ ማለት ነው። ኮሚሽኑ ሁለቱንም እኩል ይቀንሳል። ርካሹን የሚገድለው በዋጋ ልክ የማያንሰው ወጪ ነው። ማጓጓዙ አለ፣ ማሸጉ አለ፣ ፎቶ ማንሳቱና መመዝገቡ አለ። የጨረታ ቤት ሠራተኛ የ20 ዶላሩን ጠርሙስ ለመመርመር የሚያጠፋው ደቂቃ ለ200 ዶላሩ ከሚያጠፋው አያንስም። ብዙ ጨረታ ቤቶች ከተወሰነ ዋጋ በታች ያለ ስብስብ የማይቀበሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ኢኮኖሚስቶቹ አርመን አልቺያንና ዊልያም አለን ይህን ነገር በ1964 ባሳተሙት የመማሪያ መጽሐፍ አብራርተውታል። በጥሩውም በመናኛውም ዕቃ ላይ እኩል የመንገድ ወጪ ሲጨመር ጥሩው ዕቃ በአንጻሩ ይረክሳል። 20 እና 200 የነበረው፣ 12 ዶላር ሲጨመርበት 32 እና 212 ይሆናል። ውዱ የርካሹ 10 እጥፍ ነበር፤ አሁን 7 እጥፍ እንኳ አይሞላም። ሩቅ የሚሄደው ምርጡ፣ ለአገር የሚቀረው ተራው የሚሆነው ለዚህ ነው። ርካሽ ጠርሙስ ሲፈጥረው የቅርብ መንገድ ዕቃ ነው።

አንዳንዱ ርካሽ ወይን ዋጋው አይወጣም ወይ? አልፎ አልፎ ይወጣል። የኮለምቢያ ክሬስት እርሻ የ2005 ሪዘርቭ ካበርኔ ሶቪኞን መደብር ውስጥ 27 ዶላር ነበር። ዋይን ስፔክቴተር መጽሔት በ2009 የዓመቱ ምርጥ ወይን ብሎ ሲመርጠው ከየመደርደሪያው ተለቅሞ አለቀ። ከዚያ በፊት አንድ ካርቶን አስቀምጦ የነበረ ሰው እጁ ላይ የሚፈለግ ዕቃ አገኘ። ይህ ግን የሎተሪ ያህል ነው፤ የትኛው ጠርሙስ እንደሚመረጥ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። በሌላው ጫፍ ቻርልስ ሾው አለ። ትሬደር ጆስ የተባለው መደብር በ2002 በካሊፎርኒያ በ1 ዶላር ከ99 ሳንቲም መሸጥ የጀመረው ወይን ነው። አዲሱ ምርት በየዓመቱ በርካሽ እየመጣ አሮጌውን ከሰው ላይ የሚገዛ አይኖርም። አብዛኛው የቤታችን ጠርሙስ የሚመስለው ይህን ሁለተኛውን ነው። መደብሩ አዲሱን እስከሸጠ ድረስ የእኛው የሚያገኘው ገዢ ጥቂት ነው።

ገዢው የማያየው

ሦስተኛው እንቅፋት ጥርጣሬ ነው። ወይን ጠርሙስ ውስጥ ሆኖም ይለወጣል፤ የለውጡን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ለማቆየት የሚመከረው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ፣ የማይዋዥቅ ቅዝቃዜ፣ ጨለማና መጠነኛ እርጥበት ነው። ምድጃ አጠገብ ባለ መደርደሪያ ላይ ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ ያሳለፈ ጠርሙስ ከውጭ ሲያዩት ቤዝመንት ከተኛው ወንድሙ አይለይም። ባለቤቱ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያሳየው ይህንኑ ነው። የእሱ ምሳሌ ያገለገለ መኪና ነበር። ሻጩ የዕቃውን ነውር እያወቀ ገዢው የማያውቅ ከሆነ ገዢው ለሁሉም የሚያቀርበው ዋጋ የመጥፎውን ዕድል ያሰላ ይሆናል። በዚያ ዋጋ ደግሞ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው አይሸጥም። ቀስ በቀስ ገበያው ላይ የሚቀረው መጥፎው ይሆናል። አከርሎፍ በዚህ ሥራው በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ውድ ወይን ከዚህ ወጥመድ የሚወጣው ገንዘብ ከፍሎ ነው፤ የመጋዘን መዝገብ፣ የግዢ ደረሰኝ፣ የባለሙያ ምርመራ ያቀርባል። የ15 ዶላር ጠርሙስ ይህን ሁሉ አይሸከምም።

ሆኖም ጠርሙሱ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ለመለዋወጥም ሆነ የራስን መደርደሪያ ለመለየት ይህን ማንበብ ማወቅ ያስፈልጋል። ጠርሙሱን ቀጥ አድርገው ወደ መብራት ያንሱት። በቡሹ ግርጌና በወይኑ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይመልከቱ። በአምስት ዓመት ጠርሙስ ወይኑ አንገቱ ውስጥ ሊሆን ይገባዋል፤ ወደ ትከሻው ወርዶ ከሆነ ቡሹ አየር አስገብቷል። ቀጥሎ አናቱን በጣትዎ ይዳስሱ። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ በላይ ገፋ ብሎ ሽፋኑን ካሳበጠው ወይኑ አንድ ጊዜ ሞቆ ተለጥጧል። በሽፋኑ ጠርዝ የሚያጣብቅ ነገር ወይም በአንገቱ ላይ የወረደ ጥቁር ቀይ መስመር ካለ ፈስሷል ማለት ነው። ከዚያ ቀለሙን ይዩ። ነጭ ወይን ከሆነና በግልጽ ጠርሙስ ካለ፣ ገለባ መሳዩ ቀለም ወደ ቡናማ ከዞረ አርጅቷል። ሌብሉ ላይ ያለው እድፍ ግን ብዙ አያስፈራ፤ እርጥበት ያለበት ቤት እንደነበረ ነው የሚመሰክረው፣ እርጥበት ደግሞ ለቡሽ ደግ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶም የማይታወቅ ይቀራል። ቲሲኤ የሚባለው ውህድ ቡሹን በክሎ ከሆነ ወይኑ የሻገተ ካርቶን ይሸታል፤ ለዚያም በሊትር ጥቂት የናኖግራም መጠን ይበቃዋል። ይህን ከመክፈት በፊት የሚያውቅ ዓይን የለም። ስለዚህ ርካሽ ወይን ባለበት ገበያ የመጨረሻው ማስረጃ ሰውየው ነው፤ ማን እንደሆነ፣ የት እንዳስቀመጠው፣ ስለ ሌላው ጠርሙስ የተናገረው እውነት እንደነበረ።

የባለቤቱ ልብ

አራተኛው እንቅፋት እኛው ውስጥ ነው። ኢኮኖሚስቱ ሪቻርድ ቴለር በ1980 ባሳተመው ጥናት ስሙን ያልጠቀሰውን አንድ ወይን ወዳድ ያነሳል። ሰውየው በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ ካርቶን ጥሩ ወይን በጠርሙስ 5 ዶላር ገደማ ይገዛል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነጋዴው በጠርሙስ 100 ዶላር መልሶ ሊገዛው ሲጠይቀው እምቢ ይላል። ይኸው ሰው ግን ለአንድ ጠርሙስ ከ35 ዶላር በላይ ከፍሎ አያውቅም። በ100 ዶላር የማይሸጠውን ከ35 ዶላር በላይ ከፍሎ አይገዛውም ማለት ነው። የያዝነው ነገር በእጃችን ስለሆነ ብቻ ዋጋው ይጨምርብናል። ቴለር ይህን መነሻ ካደረገባቸው ሥራዎቹ ጋር በ2017 ኖቤል ተሸልሟል።

ቴለር ከኤልዳር ሻፊር ጋር በ2006 ያሳተመው ሌላ ጥናት ደግሞ ለወይን ወዳዶች አንድ ጥያቄ አቀረበ። በ20 ዶላር የገዛኸው ጠርሙስ ዛሬ በጨረታ 75 ዶላር ያወጣል፤ ከፍተህ ብትጠጣው ስንት ያስወጣሃል? የኢኮኖሚክስ መልስ 75 ነው፤ ሊሸጥ ይችል ነበርና። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን ምንም አያስወጣኝም፣ እንዲያውም ገንዘብ አትርፌያለሁ የሚል መልስ መረጡ። ሲገዙ ኢንቨስት እንዳደረጉ ያስባሉ፣ ሲጠጡ በነጻ እንዳገኙት ይቆጥራሉ። በመካከል ገንዘብ ያወጡበት ቀን የለም።

ለርካሽ ጠርሙስ ይህ አስተሳሰብ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው፣ ሻጭ ለመሆን ያሰበ ሰው ከገበያው ዋጋ በላይ እየጠራ ማንም ሳይገዛው ይቀራል። ሁለተኛውና የባሰው፣ ከፍቶ ለመጠጣት ይሳሳል። ለተሻለ ቀን እያለ ያቆየዋል። 18 ዶላር የተገዛ ነጭ ወይን ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለልጅ ልደት ሲጠበቅ አራትና አምስት ዓመት ያልፈውና ሲከፈት ፍሬው ጠፍቶ ይገኛል። በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ወይን የተሠራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ነው። ጥሩ ሪዝሊንግ፣ አንዳንድ ሪዮሃ፣ የሎዋር ሸለቆ ሸናን፣ ከተመረጡ መንደሮች የሚመጣ ቦዦሌ በዚህ ዋጋ ውስጥ ሆነው ሊቆዩ ይችላሉ፤ እነሱ ግን ከብዙው ጥቂቶቹ ናቸው። ለሌላው የተጻፈበት ዋጋ ሳይሆን የቀረው ዕድሜ ነው ሀብቱ።

ልውውጥ ለምን ያዋጣል?

አራቱን እንቅፋቶች ከተመለከትን ልውውጥ ለምን እንደሚሻል ለመረዳት አያስቸግርም። ሁለት ወዳጆች እንውሰድ። አንደኛዋ 12 ጠርሙስ ሪዮሃ ገዝታ አምስቱን ከጠጣች በኋላ ሰልችቷታል። ሌላው ጓዳው የጀርመን ሪዝሊንግ የሞላበት ነው። ሦስቱን በሦስት ሲለዋወጡ ኮሚሽን የለም፣ ማጓጓዣ የለም። ስድስተኛው ሪዮሃ ለእሷ የሚሰጣት ደስታ ትንሽ ነው፤ ለእሱ ግን የመጀመሪያው ነው። ወይኑ ሳይጨምር፣ ዋጋው ሳይቀየር ሁለቱም አተረፉ። ሻጭ 7 ዶላር ከ33 ሳንቲም ያገኝበት የነበረው ጠርሙስ በልውውጥ ሙሉ 20 ዶላሩን አውጥቷል፤ በምትኩ የተገኘው ጠርሙስ መደብር ውስጥ ያን ያህል ያስከፍላልና። ጥርጣሬውም ይቀንሳል፤ ነገ ተመልሶ የሚገናኙት ሰው ምድጃ አጠገብ የቆየ ጠርሙስ አይሰጥም።

ይህ በተለይ ለእኛ ማዕድ ይሠራል። በዋሺንግተን ዙሪያ፣ በዳላስ ወይም በሎስ አንጀለስ ያለ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሰው ሲያደርግ አይቶ ጠንካራ ቀይ ካበርኔ በካርቶን ይገዛል። ከዶሮ ወጥ ጋር ሲቀርብ ግን አይስማማም። አፍን የሚያደርቀው ታኒንና ከፍ ያለው አልኮል የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሱታል። ትንሽ ጣፋጭነት ያለውና አልኮሉ ዝቅ ያለ ሪዝሊንግ ደግሞ ያበርደዋል። ጎረቤቱ ስቴክ የሚወድ ሰው ከሆነ ካበርኔውን በሪዝሊንግ ለውጦ በደስታ ይወስዳል። ሁለቱ ቤቶች ያለምንም ወጪ የተሻለ እራት አገኙ።

ስለ ሕጉ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በካሊፎርኒያ ሕግ ሽያጭ የሚባለው በማንኛውም ምትክ የመጠጥ ባለቤትነት ከአንድ ሰው ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ተግባር ነው፤ ገንዘብ መሆኑ ግድ አይደለም። በዚህ አተረጓጎም ጠርሙስ በጠርሙስ መለወጥም ሊካተት ይችላል። ስለዚህ የግዛትን ሕግ ማወቅ የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ ልውውጥን ንግድ ማድረግ፣ ከማይታወቅ ሰው ጋር በኢንተርኔት ተዋውሎ መላላክ፣ በላዩ ገንዘብ መጨመር አደጋ አለው። ጥያቄ የማያስነሳው መንገድ አብሮ መክፈት ነው። ስድስት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ጠርሙስ ይዘው ማዕድ ሲቀርቡ ሁሉም ስድስት ዓይነት ወይን ይቀምሳል፤ ማንም ለማንም የሸጠው የለም። ዋሺንግተን ዲሲና ቨርጂኒያ ውስጥ ምግብ ቤቱ ከፈቀደ የራስን ጠርሙስ ይዞ ገብቶ የመክፈቻ ሂሳብ መክፈልም ይቻላል።

ልውውጡን ወይም የጋራ ማዕዱን ጤናማ የሚያደርጉት ጥቂት ልማዶች ናቸው። ዋጋው ዛሬ መደብር ውስጥ ባለው ይመዘን እንጂ ድሮ በተገዛበት አይሁን፤ የተገዛበት ዋጋ ክርክር ያመጣል፣ የዛሬው ግን ስልክ ላይ ይገኛል። እያንዳንዱ ሰው ጠርሙሱ የት እንደቆየ ሳይጠየቅ ይናገር። ያረጀ መስሎ የሚታየውን አስቀድሞ ይለየው፤ ለወዳጅ የሚሰጠው ራሱ ሊጠጣው የሚፈልገው ይሁን። ተከፍቶ ቡሹ የበከለው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጥፋተኛ አይፈለግ፤ ሰጪው ሌላ ይተካ፣ ወይም ሁለቱም ኪሳራውን ይካፈሉ፤ የትኛው እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ይስማሙ።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ልውውጥ

መደርደሪያው ለሞላበት ሰው ሥራው በአንድ ቅዳሜ ይጀመራል። ጠርሙሶቹን በሦስት ይከፍላቸዋል። ገበያ ያላቸው ጥቂቶች ካሉ፣ ማለትም መደብር ውስጥ ከ100 ዶላር በላይ የሚያወጡ፣ ደረሰኝና ታሪክ ያላቸው፣ ለአጫራች ይጠየቅላቸዋል። ከአንድ ዓይነት ከሦስት በላይ የሆኑና ገና ዕድሜ ያላቸው ለልውውጥና ለስጦታ ይቀመጣሉ። ለበጎ አድራጎት ድርጅት የገቢ ማሰባሰቢያ እራት መስጠትም እዚህ ይገባል። የቀሩት፣ ማለትም ሦስት ዓመት ያለፋቸው ተራ ነጮችና ሮዜዎች፣ አምስት ዓመት ያለፋቸው ተራ ቀዮች፣ ከፊት ረድፍ ተደርድረው ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይከፈታሉ። ሰኞም ማክሰኞም ይሁን፣ ምክንያት አይፈለግላቸውም።

እነዚህ ሁሉ ግን የዘገየ ሕክምና ናቸው። ዋናው መፍትሔ ያለው መደብሩ በር ላይ ነው። ለካርቶን የሚሰጠው ቅናሽ 10 በመቶ ቢሆን፣ ከ12ቱ ሁለቱ ብቻ ሳይጠጡ ከተበላሹ ጥቅሙ ጠፍቶ ኪሳራ ገብቷል። 12 ጠርሙስ በ20 ዶላር 240 ነው፤ ቅናሹ 24 ዶላር ያተርፋል፤ የተበላሹት ሁለት ጠርሙሶች በቅናሹ ዋጋ 36 ዶላር ይዘው ይሄዳሉ። አራት ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ካርቶን ቢገዙና ሦስት ሦስት ቢካፈሉ ግን ቅናሹን ሁሉም ያገኛል፣ ማንም ቤት ትርፍ አይከማችም። ብዙ መደብሮች የተቀላቀለ ካርቶንም በዚያው ቅናሽ ስለሚሸጡ 12ቱ አራት ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። ከግዢ በኋላ በሕግ፣ በወጪ፣ በጥርጣሬና በስስት የሚታሰረው ልውውጥ በዚህ መንገድ ከግዢው በፊት ያልቃል።

ርካሽ ወይን ክብር የሚገባው ነገር ነው። የለቀመው ገበሬ፣ ያመረተው ባለሙያ፣ ከውቅያኖስ ማዶ ያመጣው ነጋዴ በ20 ዶላር ውስጥ ድካማቸውን አስገብተዋል። የዚያ ድካም ዋጋ የሚከፈለው ጠርሙሱ ገና ጥሩ ሳለ ሲከፈት ነው። ስለዚህ ጠርሙስ ስንገዛ፣ ወደፊት ስንት ያወጣል ብለን ሳይሆን ከማን ጋር፣ በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው ምግብ ጋር እንጠጣዋለን ብለን እንጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላገኘንለት ጠርሙስ መደብሩ መደርደሪያ ላይ ቢቀር ለእኛም ለሚቀጥለው ገዢም ይሻላል።